ታደለ ኦርጋንና የቀኑ ናይት ክለብ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ታደለ ኦርጋንን በሕይወት ሳለ ንቄው ኖሬ፣ ባለፈው ወር ስንቀብረውም እየናቅኩት ነው አፈር የመለስኩበት። ይህን የምለው ተናድጄ አይደለም። ንዴት ከእኔ ከራቀ ቆይቷል። አንዳንዱን ሰው ሹሮ ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱን ወተት አይስማማውም፤ እኔን ታደለ አልተስማማኝም፣ ይኸው ነው ነገሩ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ቀረብ ብዬ ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት፣ የእህቱ ልጅ መሰለኝ፣ አርቲስት ታደለ ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ሙዚቃን ለአሰላ ሕዝብ ያስተዋወቀ፣ ድምፃውያንን አሠልጥኖ ለቁም ነገር ያበቃ ሰው ነው እያለ አነበበ። ከጎኔ የቆመው ሁሴን፣ የጥንቱ ባለጋሪ፣ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

«ማንን ነው ያሠለጠነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ዝም በል፣ ይሰሙናል።»

«እሱ እንደሆን አይሰማም» አለኝ።

እንግዲህ ስንት ደግ ሰው አውቄ ስሙ ጠፍቶኛል። ቤት ሲቃጠልብኝ ማገር ያቀበለኝን ሰው ስም ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ታደለን ግን አካሄዱን፣ መነጽሩን፣ ጣቱን እፍ ማለቱን ሁሉ እንደ ትናንት አየዋለሁ። ደግ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል መሰለኝ። እንዲህ ዓይነቱ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ተጋድሞ ይቀራል።

ያኔ በደርግ ጊዜ የእትዬ ዘነበች ሆቴል ባንኮኒ ላይ ነበር የምሠራው፤ መጠጥ ቀጂ ነበርኩ። ሆቴል ሲባል ለስሙ ነው። ከፊት መጠጥ ቤት፣ ከኋላ ጥቂት የመኝታ ክፍሎች፣ በመሀል ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ግቢ። የእትዬ ዘነበች አያቶች በድሮ ዘመን ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ ናቸው። መሬታቸው በአዋጅ ከተወሰደ በኋላ ያቺ ቤት ብቻ ቀርታላቸዋለች። ስለዚህ ካድሬ ሲገባ ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ካድሬ ሲወጣም ይነሳሉ፤ በመሀሉ ቁጭ ማለታቸውም ለይምሰል ነበር።

ዘፋኛችን አስካለ ትባል ነበር፤ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ማሲንቆ ይመቱላታል። የአስካለ ድምፅ ሲጀምር ሻከር ይላል፣ እንዲያውም ጉንፋን የያዛት ይመስላል፤ ከዚያ የጭላሎ ጉም ረፋድ ላይ ሲገፈፍ እንደሚሆነው ቀስ እያለ ይገለጣል። ሰው የሚመጣው ደግሞ ለመስማት ብቻ አልነበረም፤ ለመስጠትም ነው። ደስ ያለው ወይም የከፋው ከወንበሩ ይነሳና «ተቀበዪ» ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ እሷ ቃሉን ሳታዛንፍ አንስታ በዜማ ትመልስለታለች። ገበያ ያልቀናው ስለ ገበያው፣ ሚስቱ የኮበለለችበት ስለ ሚስቱ ይሰጣል። ዘፋኝ ግጥምህን ካልተቀበለችህ ሰው ፊት ተዋረድክ ማለት ነው፤ የዘረጋኸውን እጅ ሳይጨብጡ እንደማለፍ ነው። በዚህ ነገር ጠርሙስ ሲወረወር አይቻለሁ።

ታደለ የመጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ በሁሴን ጋሪ። ኦርጋኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጋሪው ላይ ተጋድሟል፤ እሱ ከጎን ከጎኑ አንድ እጁን ጭኖበት ይራመዳል፣ የታመመ ዘመድ ሐኪም ቤት እንደሚወስድ ሰው። ሁሴን በኦሮምኛ «ኩን ማሊ?» ብሎ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ለአንተ ማስረዳት ጊዜ መግደል ነው ብሎ መለሰለት። ሁሴን ይህን ሲነግረኝ አልተቆጣም። «ፈረሴም አልገባው፣ እኔም አልገባኝ፣ ዝም ብለን አደረስንለት» አለኝ።

ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል ይሰፋል። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም፤ ጠረጴዛ ሲጋጭ ጠረጴዛውን ያየዋል እንጂ አካሄዱን አያይም። አዲስ አበባ ውስጥ በትልቅ ባንድ ሲጫወት እንደኖረ ለእትዬ ዘነበች ነገራቸው። ኋላ አንድ ሾፌር እንዳጫወተኝ የባንዱ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ባንዱ ሲበተን ኦርጋኑ እሱ ዘንድ ቀረ። በዚህ አልንቀውም። ዕቃ መሸከም ሥራ ነው፣ እኔም ሳጥን ስሸከም ነው ያረጀሁት። የናቅኩት እሱ ራሱ ተሸካሚነቱን ስለናቀው ነው።

ለእትዬ ዘነበች ናይት ክለብ እንክፈት አላቸው። እሳቸው ቃሉን ወደዱት፤ ግን ሰዓት እላፊ አለ፣ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት አለበት። ታደለ ለዚህም መላ ነበረው። ሌሊቱ ካልተፈቀደልን ቀኑን እናጨልመዋለን አለ። በር ላይ «ናይት ክለብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የመኝታ ክፍሎቹን ብርድ ልብስ ሰብስበን በየመስኮቱ ቸነከርን፤ አምፖሎቹን የሴት ጥፍር ቀለም ቀባናቸው፣ ሲግሉ ቤቱን ሁሉ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ይሞሉታል። ማታ አልጋ የያዘ እንግዳ፣ በአሰላ ብርድ፣ ሲጋራና ጥፍር ቀለም የሚሸት ብርድ ልብስ ለብሶ ያድራል። ውጭ ደግሞ ፀሐይ ጠራራ ነው፤ ሰው ከገበያ ጥላ ዘቅዝቆ ይገባና በዳበሳ ወንበር ይፈልጋል። እርስ በርሱም «እንደምን አመሸህ» ይባባላል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታደለ ከመጀመሩ በፊት የኦርጋኑን ጥርሶች አንድ በአንድ በመሐረብ ይወለውላል። ከዚያ ጣቶቹን እፍ፣ እፍ ይላቸዋል፣ ትኩስ ድንች የያዘ ይመስል። ትንሿን ጣቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በቀሩት ይጫወታል። የሚያውቃቸው ዜማዎች ጥቂት ነበሩ፤ እነሱንም ያስረዝማቸው ነበር። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ማንም ሳይመታው የሚመታ ከበሮ አለ፤ ቁልፉ ሲነካ ድም ታክ፣ ድም ታክ ይላል። ይህ ከበሮ ለሌላ አገር ጭፈራ የተሠራ ነው። የእኛ ሰው ለእስክስታ ትከሻውን ሲያነሳ ምቱ ጥሎት ይሄዳል፤ ሲያወርድ ደግሞ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ከገጠር የመጡ የሁሴን ዘመዶች እንደ አገራቸው ልማድ ሊዘሉ ተነስተው፣ አየር ላይ ሆነው የት እንደሚያርፉ ጠፋቸው። ታደለ ማሽኑን አቆመና ከመድረኩ ላይ ተናገረ።

«ማሽን አይሳሳትም። ከምቱ የወጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

የሚያሳፍረው፣ ሰዉ አመነው። የቢሮ ሰዎች በተለይ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ለመምሰል፣ ትከሻቸውን ለማሽኑ ማስተማር ያዙ። አንዱ ጸሐፊ ቤቱን ዘግቶ ሲለማመድ ሚስቱ አይታው፣ ለክፉ የሚሰጥ ነገር ያዘው ብላ ጠበል ልትወስደው ተነስታ ነበር። ስለ ሕዝብ ብዙ ጥሩ ነገር ይባላል። እኔ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ያየሁት ሕዝብ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብተህ ተሳስተሃል ካልከው ይቅርታ የሚጠይቅ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ወፍጮ አስቆመ። ከጎናችን የወፍጮ ቤት ነበር፤ ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይደክማል፣ ኦርጋኑም እንደታመመ ጥጃ ያላዝናል። ታደለ ከእትዬ ዘነበች ጋር ሆኖ ለቀበሌ አመለከተ፤ ባህልን የሚያደናቅፍ ወፍጮ ነው ብሎ። ከዚያ ወዲያ እሱ በሚጫወትበት ሰዓት ወፍጮው እንዲቆም ተወሰነ። ከጢቾ መንገድ በአህያ እህል ጭነው የመጡ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ቁጭ ብለው የእኛን ድም ታክ ይሰማሉ። አንዷ ባልቴት ብቅ ብላ፣ ልጆቼ ጾማቸውን ያድሩ ዘንድ የሚዘፍነው ማነው፣ ልየው አለችኝ። አሳየኋት። ብዙ ካየችው በኋላ ምንም ሳትናገር ሄደች። የሷን ያህል በአግባቡ የናቀው ሰው አላየሁም፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ነው የተማርኩት።

ጋሽ ወልዴን ያን የፈረስ ጭራህን ይዘህ ወጥ ቤት ተጫወት አላቸው። ሽማግሌው ማሲንቆአቸውን በነጠላ ጠቀለሉ፣ እትዬ ዘነበችን እጅ ነሱ፣ ለእኔ ከሰው እንጂ ከሳጥን ጋር ተጣልቼ አላውቅም አሉኝና ጢቾ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። በዚያው ቀሩ።

አስካለ ግን የትም መሄድ አትችልም፤ ልጅ አለቻት። ከኦርጋኑ ጋር ዝፈኚ ተባለች። ማሽኑ ለሷ ድምፅ ይርቅባታል፤ ዝቅ አድርግልኝ ስትለው ማሽን ዝቅ አይልም፣ አንቺ ከፍ በዪ ይላታል። ከፍ ስትል ጉሮሮዋ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ታደለ ለታዳሚው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ያሳያል፣ ምን ላድርጋት እንደማለት። በኋላ የሚያውቅ ሰው እንደነገረኝ ማሽኑ ዝቅ ማለት ይችል ነበር። የማይችለው ታደለ ነው።

የልጅቷ ስም አልማዝ ነው፣ አራተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤት የመጠጥ ቤት ልጅ እያሉ ይሰድቧታል። ብዙ ቀን እያለቀሰች በጓሮ ትገባለች፤ እናቷ ፊቷን ታጥብላታለች። ታዲያ በዚያው ሰሞን ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ድምፃዊ ይፈለጋል፣ አንድ ጓድ ራሳቸው መጥተው ሰምተው ይመርጣሉ የሚል ወሬ ደረሰን። የወር ደመወዝ አለው፣ የመንግሥት መታወቂያ አለው። አስካለ ያጠበችውን ብርጭቆ እያቀበለችኝ ነበር።

«ግርማ፣ የደመወዝ ሰው ከሆንኩ ልጄን ማን አፉን ሞልቶ ይሰድባታል?» አለችኝ።

ማንም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል እያፈላች ትጠጣ ጀመር።

ታደለም ወሬውን ሰምቷል። አንድ ጠዋት፣ ዶፍ ዝናብ እየጣለ፣ አዳራሹ ውስጥ ጠራት። ማሽኑ ድምፅሽን ይልመደው፣ ለጓዱ ቀን እንዳያሳፍርሽ፣ እኔ ቀስ ብዬ እከተልሻለሁ አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብላ በራሷ ልክ እንድትዘፍን ፈቀደላት። ደስ ብሏት ዘፈነች። ጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ነበር፤ እኔ ማሞቂያ መስሎኝ አለፍኩ። እሷም ማሽን ድምፅ ይለምዳል ሲባል አመነች። ለምን አታምን? ያኔ በሬዲዮ በየቀኑ ከዚህ የባሰ ነገር እየተነገረን እናምን ነበር።

ጓዱ የመጡት እሁድ ነው። መስኮቱ ተሸፈነ፣ አምፖሉ በራ፣ እትዬ ዘነበች ቆመው ቀሩ። ጓዱ ሙሉ ሰው ናቸው፣ ካኪ ኮታቸው ሆዳቸው ላይ ተወጥሯል፤ ሁለት መሣሪያ የያዙ አጃቢዎች ከኋላቸው ቆመዋል። የቢሮ ሰዎች በሙሉ ፊት ፊቱን ይዘዋል። አስካለ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ከጓሮ ብቅ ስትል እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ ያዟት። ዛሬ ወጥ ቤት ሁኚ፣ ታደለ ማሽኑ ራሱ ይበቃል ብሎኛል አሏት። አስካለ አልተከራከረችም። ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ግን ነጠላዋን አነጠፈች። ይህን ሳይ ነው ልቤ የተነካው።

ታደለ መነጽሩን አስተካክሎ ተነሳ። ጓድ፣ ዛሬ የሚያዳምጡት ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው፤ በሳይንስ ኃይል ራሱ ይዘፍናል አለ። ጥርሶቹን ወለወለ፣ ጣቶቹን እፍ አለ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ነካ።

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው። ከድምፅ ማጉያው ዶፍ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ተሰማ። የቢሮ ሰዎች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ ዘነበች በርበሬያቸውን ጓሮ አስጥተው ነበርና፣ የጓዱን ክብር ረስተው በጓሮ በር ሮጡ። በተከፈተው በር የገባው ፀሐይ ዓይናችንን አጠፋው። ትንሽ ቆይተው እፍኝ ደረቅ በርበሬ እንደያዙ ተመለሱ፤ ጣሪያውን አዩ፣ በርበሬውን አዩ፣ ታደለን አዩ። ያን ጊዜ የአስካለ ድምፅ ከሳጥኑ ወጣ።

ገባኝ። የተሸፈነው ነገር የድምፅ መቅጃ ቴፕ ነበር። አስካለም ገባት፤ ጆንያው ላይ እንዳለች ሁለት እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፣ አለ ወይ ብላ የምትፈልገው ይመስል።

ድምፁ ግን ምን ያድርግ፣ ድምፅ ነው፤ ሌባ እጅም ውስጥ ሆኖ ያምራል። ዘፈኑ ሰነፍ ወዳጇን ከደጇ ስለምትመልስ ሴት ነው። ታደለ ትንሿን ጣቱን ቀጥ አድርጎ ኦርጋኑን የሚጫወት ይመስላል፣ አንዳንዴም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ጓዱ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታቸው፣ ከዚያ በጭብጣቸው መምታት። በመጨረሻም ስሜቱ አላስቀምጥ አላቸውና እንደማንኛውም የአገር ሰው ብድግ አሉ። ብርጭቋቸውን ወደ ማሽኑ ዘርግተው «ተቀበል» አሉ።

«ማሽኑም ዘፈነ ገበሬው ጠመደ፣
አርሲ በሳይንስ ወደፊት ነጎደ።»

የቢሮ ሰዎች አጨበጨቡ። ጓዱ ቆመው ግጥማቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ማሽኑ እንዲህ አለ፦

«ሂድና በሌላ፣ በሌላ ደጅ ጥራ፣
አልሰማህም እኔ ከእንግዲህ ብትጣራ።»

ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ጓዱ አልሰማም ይሆናል ብለው መሰለኝ፣ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፤ ማሽኑም ያንኑ ደገመላቸው። የጓዱ ፊት ከአምፖሉ ይልቅ ቀላ። ከአጃቢዎቹ አንዱ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ወደ መድረኩ አንድ እርምጃ ተራመደ። እሱም ምን እንደሚይዝ ያወቀ አይመስለኝም፤ ሰውየውን ነው ወይስ ሳጥኑን? ታደለ መነጽሩን አወለቀ። በነዚያ ሁሉ ወራት ዓይኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ትንንሽ ዓይኖች ናቸው፣ ወደ ወጥ ቤቱ በር የሚለምኑ።

እትዬ ዘነበች ጆንያው አጠገብ ደርሰው ጎንበስ ብለዋል። «ልጄ፣ ቤቴን ያሽጉብኛል፣ ውጪልኝ» ይሏታል።

«እትዬ፣ ማሽኑ ይበቃል አላሉም?» አለች አስካለ።

በርበሬው ከእጃቸው እየረገፈ ነው። አስካለ ነጠላዋን ከጆንያው ላይ አንስታ አራገፈችው፣ ለበሰችው፣ ወደ ብርሃኑ ወጣች። ታደለ እሷን ሲያይ ሽቦውን ነቀለ፤ ሳጥኑ እንደታነቀ ሰው አንዴ አጉረምርሞ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ያለ ማሲንቆ፣ ያለ ከበሮ፣ በራሷ ልክ ዝቅ ብላ፣ የጓዱን ግጥም ተቀበለች። ያ ግጥም ያን ያህል ደህና ድምፅ አይገባውም ነበር። እሷ ግን «ነጎደ» የምትለዋን ቃል ወስዳ ወስዳ፣ አጥፋ ዘርግታ፣ ለጓዱ እንደ ጋቢ አለበሰቻቸው። ሰውየው ቀስ ብለው ተቀመጡ። አጃቢውም መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰ።

ድምፁ ያው ከሳጥኑ የወጣው ድምፅ እንደሆነ የማይሰማ ጆሮ አልነበረም።

ጓዱ «አንቺ ማን ነሽ?» አሏት።

ታደለ ቀደማት። መነጽሩን መልሶ አድርጓል። «ማሽኑ ያሠለጠናት ልጅ ናት ጓድ። ገና ተማሪ ናት» አለ።

እንግዲህ በሕይወቴ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ። ከሞት አፍ ያወጣችው ሴት ፊቱ ቆማ፣ ላቧ ሳይደርቅ፣ ዓይኑን ሳያሽ የተናገረውን ያህል ግን አልሰማሁም። ጓዱ ወደ አስካለ ዞሩና እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

አዎ ካለች እድሜ ልኳን የሳጥን ተማሪ ናት። አይደለም፣ ቴፕ ነው ካለች ደግሞ፣ ጓዱ በዚያ ሁሉ የቢሮ ሰው ፊት ለካሴት ግጥም ሲሰጡ፣ በካሴትም ሲሰደቡ መዋላቸውን በአደባባይ መናገሯ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን እውነት የተናገረ ሰው ቤቱ አያድርም። አስካለ ኦርጋኑን አየችው፣ ታደለን አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«የለም ጓድ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለች። «አሁን መዝፈኑን ይዟል። መቀበል ግን ገና አላስተማርኩትም፤ ስለ ድፍረቱ ይቅርታ ያድርጉለት።»

ከዚያ የጓዱ ሆድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው ካኪውን ሊበጥሰው ደረሰ። አምነዋት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያ ሰው ለካሴት ግጥም ሰጠሁ ብሎ ከማመን ሳጥን ትምህርት ቤት ይገባል ብሎ ማመን ይቀለው ነበር፤ ሥልጣን ያለው ሰው የሚያምነው የሚያስከብረውን ነው። የቢሮ ሰዎችም ጓዱ መሳቃቸውን አረጋግጠው ሳቁ። ታደለን ግን ያቺ ቃል አንገት አስደፋችው፤ እሱም ከነማሽኑ ተማሪዋ ነው ተብሎ ቀረ።

«እንዲህ ከሆነ የምንወስደው አስተማሪዋን ነው» አሉ ጓዱ። «ማሽኑም ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ይምጣ።» ከዚያ ታደለን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «አንተ ትሸከመዋለህ?» አሉት።

«እሸከመዋለሁ ጓድ» አለ ታደለ።

እንግዶቹ ሲወጡ ብርድ ልብሶቹን ከመስኮት አወረድን፤ ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ገብቶ የፈሰሰውን ቢራና የረገፈውን በርበሬ ሁሉ አሳየን። አስካለ ግቢ ውስጥ ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ልጅቷ ለምን እንደምትታቀፍ አልገባትም። ታደለ ሽቦውን እየጠቀለለ አለፋቸው፤ አመሰግናለሁ አላለም፣ ይቅርታም አላለም። ወደ እኔ መጣና ቢራ አዘዘ። አየሃት አይደል፣ እኔ ባላበረታታት ኖሮ ዛሬ ከዚያ ጆንያ ላይ ትነሳ ነበር? አለኝ። ቀዳሁለት። ለእንደሱ ያለ ሰው መልስ ማባከን ነው፣ ቢራው ይበቃዋል።

በሳምንቱ የኪነት ቡድኑ መኪና ልትወስዳቸው መጣች፣ ከላይ ሸራ የሌላት አሮጌ አይሱዙ። ካፊያ ነበር፣ ጭላሎ አይታይም። ሾፌሩ ወርዶ ለአስካለ የጋቢናውን በር ከፈተላት፤ አልማዝን በመሀል አስቀምጣ ገባች። ታደለ ኦርጋኑን ከሁሴን ጋር ተጋግዞ ከኋላ ጫነ፣ ራሱም ወጣና ከጎኑ ቁጢጥ አለ። ቦታ አልነበረም፤ ጉልበቱን አቅፎ ነው የተቀመጠው፣ ውሃው ከመነጽሩ ላይ ይንጠባጠባል። መኪናዋ ስትነሳ አስካለ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እትዬ ዘነበችን ተሰናበተች፣ እኔንም፣ ሁሴንንም። ታደለ ደግሞ ከላይ ሆኖ፣ በመንገዱ ዳር ለቆመው ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል፤ ሴቲቱን እሱ የሚወስዳት ይመስል፣ ሰዉም እጁን እያነሳ ይመልስለታል።